ደጅ የሚጠብቀው ፒሲ፦ ስለ ትይዩ ፕሮሰሰር ካርዶችና ስለ መልቲታስኪንግ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ሁለት ያባረረ አንድም አይዝም» በሚለው ብሂል የሚጀምር አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጉዳዩ በማስፋፊያ ሶኬታቸው ላይ ትይዩ ፕሮሰሰር የያዘ ካርድ የተሰካባቸው የቀድሞ ፒሲዎች ናቸው። መከራከሪያው ባጭሩ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ካርድ ያስተናገደ ፒሲ ሌላ ሥራ ሊደረብበት አይገባም። መልቲታስኪንግ፣ ማለትም ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ማስኬድ፣ ስሌቱን ያዘገየዋል፤ ዳታ ያስጠፋል፤ ካርዱ ራሱ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ስለሚያስኬድ ደግሞ ከነጭራሹ አያስፈልግም።

ጽሑፉ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ካርዶቹን በእጃቸው የነኩ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ሆኖም መደምደሚያቸው ትክክል አይመስለኝም፤ ከዚያም በላይ ችግሩ የሌለበትን ቦታ እያሳዩ ያለበትን ሸፍነውታል ብዬ አምናለሁ። ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

በቅድሚያ ስለምን እንደምናወራ ግልጽ ይሁን። ጸሐፊው አብዛኛውን ምሳሌያቸውን የወሰዱት ከትራንስፒውተር ነው፣ ማለትም ከመሰሎቹ ጋር ተያይዞ በትይዩ እንዲሠራ ከታሰበ የፕሮሰሰር ቺፕ፤ እኔም እዚያው እቆያለሁ። በእንግሊዝ ብሪስቶል የነበረው ኢንሞስ የተባለ ኩባንያ ቲ414 የተባለውን ትራንስፒውተር በ1985፣ ቲ800ን በ1987 አወጣ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቲ800 የተንሳፋፊ ነጥብ (የአስርዮሽ ቁጥሮች) ስሌት ክፍሉን ከ4 ኪሎባይት ፈጣን ሜሞሪ ጋር እዚያው ቺፑ ላይ ይዟል። እያንዳንዱ ቺፕ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚነጋገርባቸው፣ በሰከንድ እስከ 20 ሜጋቢት የሚያስተላልፉ አራት ሊንኮች አሉት። ቢ004 የተባለው የፒሲ ካርድ አንድ ትራንስፒውተር ከራሱ ሜሞሪ ጋር ይይዛል፤ በቢ008 ላይ ደግሞ ትራም የሚባሉ ትንንሽ ሞጁሎች የሚሰኩባቸው አሥር ቦታዎች አሉ። አንድ ይሁን አሥር ፕሮሰሰር፣ በካርዱና በፒሲው መካከል ያለው በር ግን አንድ ነው፤ ሲ012 የሚባል የሊንክ አስማሚ። በዚህ በር ባይቶች አንድ በአንድ ይገባሉ፣ አንድ በአንድ ይወጣሉ። በፒሲው በኩል ሰርቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም በሩን ይጠብቃል። ካርዱ ላይ የሚሄደው ፕሮግራም «ይህን ፋይል ክፈትልኝ»፣ «ይህን ስክሪኑ ላይ ጻፍልኝ»፣ «የተጫኑት ቁልፍ አለ?» ሲለው ይፈጽምና መልሱን ይመልሳል።

ልብ በሉ፤ አዛዡ ካርዱ ነው፤ ፒሲው በረኛ ነው። የጽሑፉ የመጀመሪያ ስሕተት የሚመነጨው ይህን ከመዘንጋት ይመስለኛል።

«የፒሲው ጉልበት ሲከፈል ስሌቱ ይዘገያል»

አይዘገይም፤ ምክንያቱም ስሌቱን የሚሠራው ፒሲው አይደለም። ትራንስፒውተሩ በራሱ ሰዓት፣ በራሱ ሜሞሪ፣ በራሱ የትእዛዝ ስብስብ ነው የሚሠራው። ፒሲው ላይ አንድ ሰው ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ቢያትም፣ ፍሎፒ ዲስክ ፎርማት ቢያደርግ፣ ካርዱ ላይ ካለችው የስሌት ዑደት አንዲትም ትእዛዝ አትቀነስም። ትራንስፒውተሩ የፒሲውን ሜሞሪ አይነካም፤ ለአውቶቡሱም (በፒሲው ውስጥ ዳታ ለሚመላለስበት መስመር) ከፒሲው ጋር አይሻማም። ጸሐፊው የጠቀሱትን ብሂል ብንከተል እንኳ ሁለት የሚያባርር እዚህ የለም፤ ሁለት የተለያዩ አባራሪዎች ናቸው ያሉት።

እርግጥ ጸሐፊው መዘግየቱን በዓይናቸው አይተዋል፤ እኔም አይቻለሁ። ስለዚህ የለም አልልም። የምለው መዘግየቱ የመጣው ከጉልበት መከፈል ሳይሆን ከመልስ መዘግየት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለስሌት የሚሆን መልቲታስኪንግ የሚለካው «ከጊዜው ስንት በመቶ ደረሰኝ?» በሚል ነው፤ ለበረኛ የሚሆነው ግን «ሲጠሩኝ ስንት ጊዜ ፈጅቼ ደረስኩ?» በሚል። በሩ ላይ ከቀኑ ግማሹን ብቻ የሚቆም ሰው፣ ጥሪ በመጣ ቁጥር ወዲያው ከደረሰ ማንም አያማርረውም። ቀኑን ሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ቆሞ፣ ልክ ሲጠሩት የሚጠፋ ግን ቤቱን ሁሉ ያውካል። ወደዚህ በቁጥር እመለስበታለሁ።

«ሰርቨሩ ከጀርባ ሲሄድ ባይቶች ይጠፋሉ»

ይህ አባባል ከሁሉም በላይ አሳሰበኝ፤ ሰው ውጤቱን እንዳያምን የሚያደርግ ስለሆነ።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እገምታለሁ፦ ከሲሪያል ፖርት፣ ማለትም ፒሲው ከሞደምና ከመሳሰሉት ጋር ከሚገናኝበት ሶኬት። በመጀመሪያዎቹ ፒሲዎች ላይ የነበረው 8250 የተባለው ቺፕ የደረሰውን ባይት የሚያቆይበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረው። በሰከንድ በ9600 ቢት ፍጥነት በየ1 ሚሊሰከንዱ ገደማ አንድ ባይት ይደርሳል። ፒሲው ሌላ ቦታ ሆኖ ካላነሳው የሚቀጥለው ባይት በላዩ ይጻፍበትና የቀደመው ይጠፋል። ላኪው ይህን አያውቅም፤ መላኩን ይቀጥላል። በኋላ 16 ባይት የሚያቆየው 16550ኤ ሲመጣ ነው ብዙ ሰው እፎይ ያለው። ከጀርባ ፋይል ሲያወርድ የተበላሸበት ሰው ይህን ትምህርት አይረሳውም።

የትራንስፒውተር ሊንክ ግን በዚህ መንገድ አልተሠራም። አንድ ባይት በሊንኩ ሲሄድ ሁለት መነሻ ቢት፣ ስምንት የዳታ ቢትና አንድ መዝጊያ ቢት ይዞ ይሄዳል፤ ተቀባዩም የሁለት ቢት «ደርሶኛል» ይመልሳል። «ደርሶኛል» እስኪመጣ ላኪው የሚቀጥለውን ባይት አይልክም። ሲ012 ደግሞ ይህን ማረጋገጫ የሚሰጠው ፒሲው ባይቱን ከመዝገቡ (ቺፑ ውስጥ ካለችው ትንሽ ማቆያ) ሲያነሳ ነው። ፒሲው ለአንድ ሰዓት ቢጠፋ ባይቱ ለአንድ ሰዓት ደጅ ይጠናል እንጂ አይጠፋም፤ ከኋላው ያሉትም ተራቸውን ጠብቀው ይቆማሉ።

ይህን የተማርኩት ከመመሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው። አንድ ሌሊት የሚፈጅ ስሌት አስጀምሬ፣ ሰርቨሩን በዊንዶውስ 3 የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የፒሲ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) መስኮት ውስጥ አስቀምጬ፣ ሌላ ፕሮግራም ከፊቱ ከፈትኩና ሄድኩ። በዚያ ዊንዶውስ ላይ የዶስ ፕሮግራም ከጀርባ እንዲሄድ ከተፈለገ በፒፍ ፋይሉ (የፕሮግራሙ ቅንብር በሚቀመጥበት ፋይል) ላይ ምልክት መደረግ አለበት፤ እኔ አላደረግሁም። ጠዋት ስመለስ የውጤት ፋይሉ ባዶ ነበር። ሰርቨሩ መስኮቱ ከኋላ በሆነባት ቅጽበት ደንዝዞ ቀርቷል፤ ካርዱ የመጀመሪያውን ውጤት ሊጽፍ በሩን አንኳኩቶ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ቆሟል። መስኮቱን ወደፊት ሳመጣው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመበት ባይት ቀጠለ። ውጤቱን በኋላ ያለ ዊንዶውስ ከተሠራው ጋር ባይት በባይት አስተያየሁት፤ አንድ ነው። አንድ ሌሊት አጥቻለሁ፤ አንድ ባይት ግን አልጠፋብኝም።

ስለዚህ «ይዘገያል» ብለው ቢሆን በከፊል እስማማ ነበር። «ይጠፋል» ግን ሐሰት ነው።

«ካርዱ ራሱ መልቲታስኪንግ ስላለው ፒሲው አያስፈልገውም»

የአረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ግማሽ እውነት ነው፤ እውነቱም የሚያምር ነው። ትራንስፒውተር ላይ ተራ የሚያስይዘው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሳይሆን ቺፑ ራሱ ነው። ሁለት የቅድሚያ ደረጃዎች አሉት። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያለ ሂደት (ለብቻው የሚሄድ የፕሮግራም ክፍል) ራሱ እስኪቆም ይሄዳል፤ ዝቅተኛው ላይ ያሉት በግምት በየ1 ሚሊሰከንዱ ይፈራረቃሉ። መዝገቦቹ ጥቂት ስለሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ከ1 ማይክሮሰከንድ የማይበልጥ ጉዳይ ነው። አንድ ሂደት ሊንክ ላይ መልእክት ሲልክ ዝውውሩን ሊንኩ ራሱ ይረከባል፤ ሂደቱ እስኪያልቅ ያርፋል፣ ፕሮሰሰሩ ወደ ሌላው ይሄዳል። በዴቪድ ሜይ የተመራው የኦካም ቋንቋ፣ በቶኒ ሆር የ1978 የተነጋጋሪ ሂደቶች ንድፈ ሐሳብ ላይ ቆሞ፣ ይህን ሁሉ በቀላል አጻጻፍ ለፕሮግራመሩ ሰጥቶታል።

ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ፒሲው አያስፈልገውም» ያሉት ግን አይከተልም። ካርዱ ሂደቶቹን በማይክሮሰከንድ እያፈራረቀ፣ በሩ ላይ ያለው ፒሲ ደግሞ በዶስ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ፣ ሁለቱ የሚኖሩት በተለያየ ዘመን ነው ማለት ይቻላል። የፒሲው የሰዓት ምት በሰከንድ 18.2 ጊዜ ነው፤ ማለትም በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል 55 ሚሊሰከንድ ገደማ አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ትራንስፒውተሩ ሃምሳ ጊዜ ያህል ተራ ሊያፈራርቅ ይችላል።

እንግዲህ ቃል የገባሁት ቁጥር። ካርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም ከፒሲው ዲስክ 1 ሜጋባይት ፋይል ያንብብ። የተለመደው የሰርቨር ፕሮቶኮል አንዱን እሽግ ወደ 512 ባይት ገደማ ስለሚወስነው፣ ለቀላል ስሌት በአንድ ጥያቄ 512 ባይት ይመጣል እንበል። 2048 ጥያቄ ይሆናል። አሁን ሰርቨሩ ብቻውን ሳይሆን ከሌላ ፕሮግራም ጋር ተራ እየጠበቀ ይሂድ፤ እያንዳንዱም ጥያቄ መልስ ከማግኘቱ በፊት 20 ሚሊሰከንድ ይጠብቅ። 20 ሚሊሰከንድ በዊንዶውስ 3 የተለመደው ትንሹ የጊዜ ድርሻ ነው። 2048 በ20 ሚሊሰከንድ 41 ሰከንድ ነው። ጥበቃው የአንድ ሙሉ የሰዓት ምት ከሆነ ደግሞ ወደ 113 ሰከንድ ይወጣል። ቲ800 በሊንኩ ላይ በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 1.7 ሜጋባይት ገደማ ማስተላለፍ ይችላል፤ ያን አንድ ሜጋባይት ሊንኩ ራሱ ከ1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ፒሲው ባይት በባይት ሲያነሳ ይህ ብዙ እጥፍ ቢረዝም እንኳ 113 ሰከንድ ዘንድ አይደርስም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰርቨሩ ከፒሲው ጉልበት ግማሹ ተመድቦለት ሊሆን ይችላል። ግማሹን አግኝቶ ነው መቶ ሰከንድ የባከነው! የጎዳው የጉልበቱ ድርሻ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ትንሽ ጥያቄ ላይ ሙሉ ተራ መጠበቁ ነው።

እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ጥያቄው ይነስ። ካርዱ ላይ አንድ ሂደት ብቻውን የዲስክ ሥራ ይዞ አስቀድሞ ያንብብ፤ ሁለት ማቆያ ይኑረው፣ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይነበብ። ስሌቱን የሚሠሩት ሂደቶች በሩን በቀጥታ አያንኳኩ። በትራንስፒውተር ላይ ይህን መጻፍ ከባድ አይደለም፤ የተፈጠረው ለዚህ ነው። በር ላይ የቆመው ያ አንድ ሂደት ብቻ ያርፋል፣ ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ጸሐፊው «ፒሲው ሲዘገይ ካርዱ በሙሉ ይቆማል» ያሉት የሚሆነው ሁሉም ሂደቶች ውጤታቸውን ማቆያ ለሌለው አንድ ሂደት ሲያስረክቡ ብቻ ነው። ያኔ መቆሙ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ የመጨረሻው ትራም ድረስ ይደርሳል። ይህ የፕሮግራሙ አሠራር ጉድለት ነው፤ ፒሲው ለብቻው ሲሠራ ስለማይታይ ብቻ ጉድለት መሆኑ አይቀርም። መልቲታስኪንግ ያጋለጠውን መልቲታስኪንግ ፈጠረው ማለት ደግሞ ትክክል አይሆንም።

«ሰርቨሩ ጊዜውን ሁሉ ይበላል፣ ታዲያ ምን ተረፈን?»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያዩት ነገር ትክክል ነው፤ ብዙዎችም አልፈውታል። የዶስ ሰርቨር የሲ012ን የሁኔታ መዝገብ (በቢ004 ላይ በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በ16 መሠረት አቆጣጠር፣ 152 አድራሻ) እየደጋገመ ያነባል፦ ባይት መጣ? አልመጣም። መጣ? አልመጣም። ዶስ ላይ ሌላ የሚጠብቅ ስለሌለ ይህ ማንንም አይጎዳም። በዊንዶውስ ወይም በዴስክቪው (ዶስ ላይ ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ በሚያስኬድ ሶፍትዌር) ሥር ግን ምንም ሳይሠራ ድርሻውን እስከ መጨረሻዋ ይጨርሳል። ፊት ለፊት ያለው የጽሑፍ ፕሮግራም ይንቀራፈፋል፤ ተጠቃሚውም ካርዱን ይረግማል።

የማልስማማው ከዚህ «እንግዲያው ፒሲውን ለካርዱ ብቻ እንተወው» ወደሚለው መዝለላቸውን ነው። ሰርቨሩ «አሁን ሥራ የለኝም፣ ተራዬን ውሰዱ» ማለት ይችላል። በዊንዶውስ 3 የተሻሻለ ሞድ ይህ የሚደረገው ፕሮግራም ሥርዓቱን በሚጠራበት በኢንተራፕት 2ኤፍ፣ በተግባር ቁጥር 1680 (ሁለቱም ሄክሳዴሲማል) ነው። ጥቂት የአሰምብሊ መስመሮች ናቸው። ሰርቨሩ የሁኔታ መዝገቡን አንብቦ ባዶ ሲያገኝ ይህን ቢጠራ ፒሲው ወዲያው ይነቃቃል።

ግን በባዶ ንባብ ሁሉ ወዲያው ተራን መልቀቅ ከላይ ያሰላነውን 41 ሰከንድ መልሶ ያመጣል፤ የለቀቀ ሰው ተራው እስኪመለስ ይጠብቃልና። ስለዚህ መልካሙ መንገድ መካከለኛው ነው። የካርዱ ጥያቄዎች በአብዛኛው ተከታትለው ነው የሚመጡት፤ አንዱ የፋይል ንባብ ሲያልቅ ሁለተኛው ወዲያው ይከተላል። ሰርቨሩ መልስ ከሰጠ በኋላ ለጥቂት ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ2 ሚሊሰከንድ፣ በሩ ላይ ይቆይ፤ በዚያ ጊዜ ማንም ካልመጣ ይልቀቅ። ዲስክ በሚነበብበት ሰዓት ሰርቨሩ ፈጣን ይሆናል፤ ካርዱ ለሰዓታት በስሌት ሲጠመድ ደግሞ ፒሲው ሙሉ በሙሉ ለተጠቃሚው ይቀራል። ከሞከርኳቸው መንገዶች ሁሉ ይህን ያህል በትንሽ ድካም ብዙ የለወጠ አላየሁም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጸሐፊው አላነሱትም እንጂ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። ብዙ የካርድ ፕሮግራሞች ተጠቃሚው ለማቆም ቁልፍ ተጭኖ እንደሆነ ለማወቅ ሰርቨሩን ያለማቋረጥ ይጠይቃሉ። ማንደልብሮት የተባለውን የሒሳብ ምስል የሚስል ፕሮግራም በእያንዳንዱ የስክሪን መስመር መካከል «ቁልፍ አለ?» ይላል። እያንዳንዱ ጥያቄ በሩን አልፎ፣ ዶስን ነክቶ፣ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ባለበት ሰርቨሩ መቼም ሥራ ፈትቶ ተራውን አይለቅም፤ ከላይ ያልኩት ዘዴም ከንቱ ይሆናል። ትራንስፒውተሩ የራሱ ሰዓት ቆጣሪ አለው፦ በከፍተኛው ደረጃ በየ1 ማይክሮሰከንድ፣ በዝቅተኛው በየ64 ማይክሮሰከንድ የሚመታ። በግማሽ ሰከንድ አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ሂደት ቢጻፍ ለተጠቃሚው ልዩነቱ አይሰማውም፤ ፒሲው ግን ያርፋል።

«ኢንተራፕት መጠቀም አይሻልም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ቢ008 ኢንተራፕትም (ካርዱ ራሱ ፒሲውን የሚጠራበት ምልክት) ዲኤምኤም (ዳታን ያለ ዋናው ፕሮሰሰር በቀጥታ ከሜሞሪ ጋር ማመላለስ) ይችላል። ኢንተራፕት ለመቀስቀስ ጥሩ ነው፤ የእሽጉ የመጀመሪያ ባይት ሲደርስ የተኛውን ሰርቨር ያንቃ። ለእያንዳንዱ ባይት ኢንተራፕት ማንሳት ግን ኪሳራ ነው፤ በተለይ ዊንዶውስ ኢንተራፕቱን ራሱ ተቀብሎ ወደ ዶስ መስኮቱ በሚያስተላልፍበት ሁኔታ። ዲኤምኤም የራሱ እሾህ አለው። የፒሲው የዲኤምኤ ቺፕ በባለ 8 ቢት መስመሮቹ ላይ የ64 ኪሎባይት ድንበር መሻገር አይችልም፤ የሚያውቀውም እውነተኛውን የሜሞሪ አድራሻ ብቻ ነው። በ386 ፕሮሰሰር ላይ የሜሞሪ ገጽ እየቀያየረ የሚሠራ ሥርዓት ውስጥ ደግሞ ፕሮግራሙ የሚያየው አድራሻ እውነተኛው አይደለም። ለ512 ባይት እሽግ ይህን ሁሉ ማዘጋጀት ከትርፉ ወጪው ይበልጣል።

«ተባባሪ መልቲታስኪንግ ይበቃል፣ ቢያንስ ሳይታሰብ አያቋርጥም»

በዚህ ላይ አልዘገይም። ሰርቨሩን የዊንዶውስ 3 ፕሮግራም አድርጎ መጻፍ ማለት ሌሎቹ ፕሮግራሞች በፈቃዳቸው ተራ እስኪለቁለት መጠበቅ ማለት ነው። አንዱ ረጅም ሰነድ እያሰናዳ ሳይለቅ ቢቆይ ካርዱ ደጅ ይቀራል። በዚያው ዊንዶውስ የተሻሻለ ሞድ ላይ የዶስ መስኮቶች በግድ ነው ተራ የሚቀያየሩት፤ ለበረኛ የሚሻለው ይህ ነው። በመነሻው ቅንብር ፊት ላለው መስኮት 100፣ ከጀርባ ላለው 50 ክብደት ይሰጣል። የሰርቨሩን የጀርባ ክብደት ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ሥራ ሲፈታ የሚለቅ ሰርቨር ከሆነ ከፍ ማለቱ ማንንም አይጎዳም።

«ሁለት ሰርቨር በሁለት መስኮት ከፈትኩ፣ ሁሉም ነገር ተበላሸ»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው፤ ልምዳቸውን በዝርዝር ማቅረባቸውም ጠቃሚ ነው። ዊንዶውስም ሆነ ዴስክቪው የማያውቁትን የወደብ አድራሻ (ፕሮግራም ካርዱን የሚያገኝበትን ቁጥር) ለመጠበቅ አልተሠሩም። ሁለት መስኮቶች ወደ አንድ ሲ012 ቢጽፉ የአንዱ እሽግ ግማሽ ከሌላው እሽግ ግማሽ ጋር ይደባለቃል። ሊንኩ አሁንም አንድ ባይት አላጣም፤ ባይቶቹ ግን የማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ከዚህ የባሰም አለ። ሰርቨር ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ካርዱን ዳግም ያስነሳዋል፤ በቢ004 ላይ ይህ የሚደረገው በአንድ መዝገብ ላይ በመጻፍ ነው። ሁለተኛው መስኮት ሲከፈት የመጀመሪያው ለሰዓታት ሲሠራ የቆየበት ስሌት በዚያች ቅጽበት ይሞታል። ቀጥሎ የሚላከውን የመጀመሪያ ባይት ዳግም የተነሳው ትራንስፒውተር እንደ መነሻ ፕሮግራም ርዝመት ይቆጥረዋል፤ ዜሮ ወይም አንድ ከሆነ ደግሞ ሜሞሪ ለመጻፍ ወይም ለማንበብ እንደመጣ ትእዛዝ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያስፈልግም።

መፍትሔው ግን መልቲታስኪንግን መተው አይደለም፤ የበሩ ቁልፍ በአንድ እጅ መሆኑ ነው። ወደቡን የሚነካ አንድ ሰርቨር ብቻ ይኑር። ካርዱ ላይ አንድ አከፋፋይ ሂደት ከብዙ ፕሮግራሞች የሚመጡ ጥያቄዎችን እየተቀበለ በየተራ ያሳልፍ። በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ተራ ፕሮግራም ወደብ እንዳይነካ ሲከለክል የቀድሞዎቹ ሰርቨሮች መሥራት አቆሙ፤ ጸሐፊውም ይህን እንደ ጥፋት ቆጥረውታል። እኔ በተቃራኒው ለእነዚህ ካርዶች ከተደረጉት ትክክለኛ ነገሮች አንዱ ይመስለኛል። በሩን ድራይቨር (ካርዱን የሚያስተዳድር የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል) ይይዘዋል፤ ሰርቨሩም ባይት እስኪመጣ ይተኛል እንጂ እየደጋገመ አያንኳኳም። ድራይቨሩን መጻፍ ድካም እንደነበረው አልክድም፤ ግን ድካሙ የተከፈለው ለትክክለኛው ነገር ነው።

«ዛሬ ይህ ሁሉ አልፏል»

ጽሑፉ የተዘጋው በዚህ ነው፤ ምላሽ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። ዛሬ በፒሲ ላይ የሚሰካው ትይዩ ካርድ ግራፊክስ ፕሮሰሰር ነው፤ ጥያቄው ግን አልተቀየረም። በኩዳ (ለኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች ፕሮግራም በሚጻፍበት ሥርዓት) የሚጽፍ ሰው ዋናው ፕሮሰሰር ካርዱን በምን መንገድ እንደሚጠብቅ መምረጥ ይችላል፦ ያለማቋረጥ እየጠየቀ፣ በየመካከሉ ተራውን ለሌላ እየለቀቀ፣ ወይም ተኝቶ እስኪቀሰቀስ። ከላይ ስለ ዶስ ሰርቨር ያነሳናቸው ሦስቱ መንገዶች ናቸው፤ ጥቅምና ጉዳታቸውም ያው ነው። የመጀመሪያው ፈጣን መልስ ይሰጣል፣ አንድ የፕሮሰሰር ኮር ሙሉ በሙሉ ይበላል፤ ሦስተኛው ኮሩን ያሳርፋል፣ ትንንሽ ሥራ በብዛት ሲላክ ግን በእያንዳንዱ ላይ የመቀስቀሻ ጊዜ ይጨምራል። ከዋናው ሜሞሪ ወደ ካርዱ የሚደረግ ዝውውር ከስሌት ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ ከተፈለገ ሜሞሪው ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ መቆለፍ አለበት፤ ከላይ ስለ ዲኤምኤና ስለ እውነተኛ አድራሻ ያልኩት እሾህ በአዲስ ስም ተመልሶ መጥቷል።

በሩን ከሌላ ጋር መጋራትም እንዲሁ። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ስክሪኑን የሚያሳየው ካርድ ለ2 ሰከንድ ያህል መልስ ካልሰጠ ድራይቨሩን ዳግም ያስነሳል፤ በዚያ ካርድ ላይ ረጅም ስሌት የሚያካሂድ ሰው ስሌቱ ይቋረጥበታል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ስክሪን ያለበት ካርድ ላይ ስሌት አይሠራም» ብሎ ይደመድማል፤ ልክ እንደ ጸሐፊው። ስሌቱን እያንዳንዳቸው ከ2 ሰከንድ በታች ወደሚያልቁ ቁራጮች የከፈለው ግን በዚያው አንድ ካርድ ላይ ስክሪኑንም ስሌቱንም ያስኬዳል።